ኦክስጅን ሲጨመር ነዳጁ ከየት ይመጣል? ናይትረስ ኦክሳይድ ለተገጠመለት የመኪና ሞተር የነዳጅ ሥርዓት ክፍሎችን ስለ መምረጥ

(የሕዝባዊ ገለጻ ሙሉ ቃል)



ለዛሬው ገለጻ የመረጥኩት ርዕስ በመጀመሪያ ሲሰማ ከመኪና እሽቅድምድም ሜዳ እንጂ ከመማሪያ አዳራሽ የመጣ አይመስልም። ናይትረስ ኦክሳይድ የተገጠመለት ሞተር ብዙዎቻችን በፊልም ያየነው፣ ቁልፍ ሲጫን መኪናው የሚወነጨፍበት መሣሪያ ነው። እኔ ግን ዛሬ የማወራው ስለ ፍጥነቱ አይደለም። ስለ ነዳጅ ፓምፕ፣ ስለ ኢንጀክተር፣ ስለ ቱቦ፣ ስለ ፊልትሮና ስለ አንድ ትንሽ የግፊት ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ምክንያቴን አስቀድሜ ልናገር። በዲዛይን ትምህርት ላይ ተማሪዎቻችን የክፍሎች ዝርዝር ይዘው ሲመጡ ደጋግሜ አያለሁ፤ ዝርዝሩ የተነሣበት ስሌት ግን ብዙ ጊዜ የለም። አብዛኛው ማሽን ይህን ስንፍና ለዓመታት ይታገሣል። ናይትረስ የተገጠመለት ሞተር ግን አይታገሥም፤ የተሳሳተ ምርጫን በሰከንዶች ውስጥ በቀለጠ ፒስተን ይመልሳል። ስለዚህ ከፍላጎት ተነሥቶ ወደ ክፍል መድረስ ምን ማለት እንደሆነ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። በገለጻዬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጋዙ እንጀምር። ናይትረስ ኦክሳይድ ሁለት የናይትሮጅንና አንድ የኦክስጅን አቶም ያለው ውሑድ ነው። ጆሴፍ ፕሪስትሊ በ1772 አገኘው፤ ሐምፍሪ ዴቪ በ1799 በብሪስቶል ከተማ በራሱ ላይ ጭምር ሞክሮ የማደንዘዝ ባሕርይ እንዳለው አስተዋለ፤ ኋላም የጥርስ ሐኪሞች መሣሪያ ሆነ። ወደ ሞተር በስፋት የገባው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። የጀርመን አየር ኃይል ጂኤም 1 በሚባለው ሥርዓት አማካይነት ከፍ ብለው ለሚበሩ አውሮፕላኖች ተጠቀመበት። ምክንያቱ ቀላል ነበር፤ አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ የሚተነፍሰው ኦክስጅን ያንሰዋል፣ የጎደለውን ደግሞ በቦምቦላ ይዞ መሄድ ይቻላል። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ከፍታ ላይ ለምንኖር ሰዎች በኋላ ይጠቅመናል።

ጋዙ ራሱ ነዳጅ አይደለም፤ አይነድም። በሲሊንደሩ ውስጥ ባለው ከፍተኛ ሙቀት ሲፈርስ ግን ኦክስጅኑን ይለቃል። ከክብደቱ ውስጥ 36 በመቶው ኦክስጅን ነው፤ በተራ አየር ውስጥ ያለው 23 በመቶ ብቻ ነው። ሲፈርስም ለእያንዳንዱ ሞል 82 ኪሎ ጁል ገደማ ሙቀት ይሰጣል። በቦምቦላ ውስጥ በራሱ የትነት ግፊት ፈሳሽ ሆኖ ይቀመጣል፤ በ20 ዲግሪ ሴልሲየስ ግፊቱ 50 ባር ያህል ነው። ወደ ማኒፎልዱ ሲረጭ በከባቢ አየር ግፊት የሚፈላው ከዜሮ በታች በ88 ዲግሪ ስለሆነ የሚገባውን አየር በኃይል ያቀዘቅዘዋል፤ የቀዘቀዘ አየር ደግሞ የታፈገ አየር ነው። እንግዲህ ሞተሩ በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር ያገኛል፤ ተጨማሪ ኦክስጅን፣ ተጨማሪ ሙቀትና የታፈገ አየር። የማያገኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ነዳጅ። እሱን ማቅረብ የእኛ ድርሻ ነው።

ድርሻው ምን ያህል ነው? ኬሚስትሪው አንድ ወሰን ይሰጠናል። ቤንዚንን በኦክቴን ብንወክለው፣ አንድ የኦክቴን ሞለኪውል ሙሉ በሙሉ እንዲነድ 25 የናይትረስ ሞለኪውሎች ያስፈልጉታል። ወደ ክብደት ስንቀይረው ለአንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን 9.65 ኪሎ ግራም ናይትረስ ማለት ነው። ለ100 ተጨማሪ የፈረስ ጉልበት በሰከንድ 35 ግራም ገደማ ናይትረስ ቢፈስስ፣ ከዚህ ምጥጥን የምናገኘው ነዳጅ በሰዓት 13 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ነገር ግን በተግባር የሚታመንበት የጥንቃቄ ቁጥር ከዚህ ሁለት እጥፍ ይጠጋል፤ ለ100 የፈረስ ጉልበት በሰዓት 27 ኪሎ ግራም። የልዩነቱን ምክንያት ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ የገለጻው ሁሉ መሠረት እዚህ ላይ ነውና።

አንደኛ፣ ትርፉ ነዳጅ ሲተን ሙቀት ይወስዳል፤ ነበልባሉንም ያበርዳል። ሁለተኛ፣ ጋዙና ነዳጁ ለስምንቱም ሲሊንደሮች እኩል አይደርሱም፤ አማካዩ ልክ ቢሆን እንኳ ከስምንቱ አንዱ የሚጎድልበት አለ፤ የሚቀልጠው ፒስተን ደግሞ የአማካዩ ሳይሆን የዚያ የአንዱ ነው። ሦስተኛ፣ የሁለቱ ስሕተቶች ዋጋ እኩል አይደለም። ነዳጅ ሲበዛ ጥቂት ጉልበት ይጠፋል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ነዳጅ ሲያንስ ግን ማንኳኳት ይጀምራል፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፣ ፒስተኑ ይበሳል። የአንድ ስሕተት ዋጋ ጥቀርሻ፣ የሌላው ዋጋ ሞተር ከሆነ፣ አስተዋይ መሐንዲስ የሚሳሳተው ወደየት በኩል እንደሆነ ግልጽ ነው። ከተትረፈረፈው ተነሥቶ በመለኪያ እያዩ ቀስ በቀስ መቀነስ ይቻላል፤ ከጎደለው ተነሥቶ ወደ ላይ መውጣት ግን ሞተር በመስበር የሚማሩት ትምህርት ነው።

አሁን በእውነተኛ መኪና ላይ እንሥራው። ምሳሌዬ ከ1989 እስከ 1992 የተመረተው ፎርድ ሙስታንግ ነው፤ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ በተለምዶ 5.0 የሚባለው ሞተር ያለው። በአሜሪካ ናይትረስ በብዛት ከተገጠመላቸው መኪናዎች አንዱ ስለሆነ የፋብሪካ ቁጥሮቹ በደንብ ይታወቃሉ። ጉልበቱ 225 የፈረስ ጉልበት ነው። እያንዳንዱ ኢንጀክተር በ2.7 ባር ግፊት በሰዓት 19 ፓውንድ፣ ማለትም 8.6 ኪሎ ግራም ነዳጅ ያሳልፋል። በነዳጅ ታንኩ ውስጥ የተቀመጠው ፓምፕ በሰዓት 88 ሊትር ይሰጣል።

ሞተሩ ያለ ናይትረስ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት ግማሽ ፓውንድ ነዳጅ ይፈልጋል ብለን እንነሣ፤ ለቤንዚን ሞተር የተለመደ ግምት ነው። ጠቅላላው በሰዓት 51 ኪሎ ግራም ይሆናል። ስምንቱ ኢንጀክተሮች ሳይዘጉ ቢፈስሱ የሚሰጡት 69 ኪሎ ግራም ነው። ስለዚህ ኢንጀክተሮቹ ካላቸው ጊዜ ውስጥ ክፍት የሚሆኑት 74 በመቶውን ነው። ፓምፑን ደግሞ እንይ፤ የቤንዚን እፍጋት በሊትር 0.74 ኪሎ ግራም ቢሆን 51 ኪሎ ግራም ማለት 69 ሊትር ነው፤ ፓምፑ ያለው 88 ነው። የፋብሪካው መሐንዲሶች መጠነኛ ትርፍ ትተው በልክ ሰፍተውታል፤ ሥራቸውም ትክክል ነው። ያልተነገራቸው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ አንድ ቀን ሌላ ሰው መጥቶ 100 የፈረስ ጉልበት እንደሚጨምር።

በ51 ላይ 27 ሲጨመር 78 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ በሊትር ሲሰላ በሰዓት 106 ሊትር። 88 ሊትር የሚሰጥ ፓምፕ 106 ሊትር አይሰጥም። ለ50 የፈረስ ጉልበት እንኳ ብናሰላው ፍላጎቱ 87 ሊትር ይደርሳል፤ አዲስ የሆነ ፓምፕ እንኳ ጫፉ ላይ ይቆማል፣ ያረጀማ አይደርስበትም። ዕቃው በተሸጠበት ካርቶን ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት ለዚህ ስሌት ቦታ የለውም። እያንዳንዱ ተማሪ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት እነዚህን አራት መስመሮች በወረቀት ላይ እንዲያሰፍር እፈልጋለሁ፤ የሞተሩ መደበኛ ፍላጎት፣ የናይትረሱ ፍላጎት፣ ድምራቸውና አሁን ያለው አቅም።

ፍላጎቱ ከታወቀ በኋላ ቀጣዩ ጥያቄ ተጨማሪውን ነዳጅ ማን ያድርሰው የሚል ነው። ሁለት መንገዶች አሉ፤ በሙያው ደረቅና እርጥብ ይባላሉ። በደረቁ ሥርዓት በማኒፎልዱ ውስጥ የሚረጨው ናይትረስ ብቻ ነው፤ ነዳጁን የሚጨምሩት የሞተሩ ኢንጀክተሮች ናቸው። በእርጥቡ ሥርዓት ግን ናይትረሱና ነዳጁ በአንድ አፍ ጎን ለጎን ይረጫሉ፤ የሞተሩ ኢንጀክተሮች የድሮ ሥራቸውን ብቻ ይቀጥላሉ።

ደረቁን ብንመርጥ ኢንጀክተሮቹ ይመዘናሉ። 78 ኪሎ ግራም ለስምንት ሲካፈል 9.8 ነው፤ ኢንጀክተር ከ85 በመቶ በላይ ክፍት እንዳይሆን ብንወስን እያንዳንዱ 11.5 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 25 ፓውንድ ማሳለፍ አለበት። ለዚህ መኪና በገበያ ከሚገኙት መካከል ባለ 24 ፓውንዱ በጥቂት ያንሳል፤ ባለ 30 ፓውንዱ ይበቃል። ኢንጀክተሩ ሲለወጥ ደግሞ የሞተሩ ኮምፒዩተር አዲሱን መጠን እንዲያውቅ መደረግ አለበት፤ ያለዚያ ናይትረሱ ተዘግቶ መኪናው በከተማ ሲሄድ ነዳጅ ይበዛበታል።

በዚያ ዘመን የተለመደ ሌላ ዘዴ ነበር፤ ኢንጀክተሩን ትቶ ግፊቱን መጨመር። ከናይትረሱ መስመር የተቀነሰ ግፊት ወደ ነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያው ይላክና የነዳጁ ግፊት ከፍ ይላል። ሐሳቡ ብልህ ነው፤ ፊዚክሱ ግን ውድ ዋጋ ያስከፍላል። የፍሰት መጠን የሚያድገው ከግፊቱ ዳግም ዘር ጋር ነው። ፍሰቱን 1.33 ጊዜ ለማሳደግ ግፊቱ 1.78 ጊዜ ማደግ አለበት፤ ከ2.7 ወደ 4.8 ባር። በዚህ ግፊት ኢንጀክተሩ ለመከፈት ይታገላል፤ ፓምፑም ግፊቱ በጨመረ መጠን የሚያወጣው ነዳጅ ይቀንሳል። ማለትም ብዙ ነዳጅ በምንፈልግበት በዚያችው ቅጽበት ፓምፑን እናዳክማለን።

እርጥቡን ብንመርጥ ኢንጀክተሮቹ በ74 በመቶ ላይ ይቀራሉ፤ ሸክሙ በነዳጅ ሶሌኖይዱና በጄቱ ላይ ይወድቃል። ሶሌኖይዱ ለሚሠራበት የነዳጅ ግፊት የተሠራ፣ ቀዳዳውም ከጄቱ የሰፋ መሆን አለበት፤ መጠኑን የሚወስነው ጄቱ እንጂ ሶሌኖይዱ እንዳይሆን። የእርጥቡ ድክመት ማኒፎልዱ ነው። የኢንጀክሽን ሞተር ማኒፎልድ የተቀረጸው ደረቅ አየር እንዲያሳልፍ ነው፤ ነዳጅ ሲገባበት በመታጠፊያው ላይ ይጠራቀማል፣ ለሲሊንደሮቹም ሳይመጣጠን ይከፋፈላል። የተጠራቀመ ነዳጅ ወደ ኋላ በሚመለስ ነበልባል ሲነካ ማኒፎልዱ ራሱ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ማኒፎልድ ላይ ለመካከለኛ መጠን እርጥቡ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲኬድ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱን አፍ መስጠት የተሻለ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱትን ላንሣ። እርጥቡን የመረጠ ሰው የኢንጀክተር ጥያቄ ስለ ቀረለት የፓምፑም ጥያቄ የቀረለት ይመስለዋል። አልቀረለትም። ነዳጁ በኢንጀክተር ይምጣ በጄት፣ የሚወጣው ከአንድ ታንክ፣ የሚገፋውም በአንድ ፓምፕ ነው። ደረቅና እርጥብ የሚለው ምርጫ ነዳጁ የሚገባበትን በር ይለውጣል፤ 106 ሊትሩን አይቀንሰውም።

ወደ ፓምፑ እንሂድ። ለ106 ሊትር ፍላጎት 20 በመቶ መጠባበቂያ ስንጨምር 127 ሊትር እናገኛለን። ለዚህ መኪና በሰዓት 110፣ 155፣ 190 እና 255 ሊትር የሚሉ ፓምፖች ይሸጣሉ። ሆኖም በፓምፕ ላይ የተጻፈ ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም፤ በስንት ባርና በስንት ቮልት የሚል መከተል አለበት። የፓምፕ አቅም ነጥብ ሳይሆን መስመር ነው፤ ግፊት ሲጨምር ይወርዳል፣ ቮልቴጅ ሲቀንስም ይወርዳል። በ13.5 ቮልት የተለካ ፓምፕ በዕድሜ በጠገበ ቀጭን ሽቦ 12 ቮልት ብቻ ቢደርሰው የሚያወጣው ከወረቀቱ በሚታይ መጠን ያንሳል። ባለ 155 ሊትሩ በወረቀት ያልፋል፤ ይህን ጉድለት ስናስብ ግን ትርፉ ይሳሳል፤ ባለ 190 ሊትሩ ሰፋ ያለ ቦታ ይሰጣል። ከፓምፑ ጋር አብሮ የሚገዛው ደግሞ ወፍራም ሽቦ፣ ሪሌና ፊውዝ ነው። ቮልቴጁም ባትሪው ላይ ሳይሆን ሞተሩ እየሠራ ፓምፑ ላይ ይለካ።

ታዲያ ለምን ትልቁን ገዝተን አንገላገልም? ሞተሩ ዝም ብሎ ሲሠራ የሚፈጀው በሰዓት ከአንድ ወይም ከሁለት ሊትር ብዙ አይበልጥም፤ የቀረው ሁሉ በመመለሻው መስመር ወደ ታንኩ ይመለሳል። የፋብሪካው መቆጣጠሪያና መመለሻ መስመር ይህን ጎርፍ ማሳለፍ ካልቻሉ ግፊቱ ከተወሰነው በላይ ይወጣል፤ የሚመላለሰውም ነዳጅ በየዙሩ ይሞቃል። የሞቀ ቤንዚን ደግሞ በፓምፑ መግቢያ ላይ ይተንና ፓምፑ እንፋሎት እየዋጠ ይቀራል። ትልቅ ፓምፕ የሚመረጠው መቆጣጠሪያውና መመለሻው አብረው ሲመረጡ ብቻ ነው።

ከፓምፑ በፊትና በኋላ ያለው መንገድም ይታሰብ። በመግቢያው በኩል ያለው ፊልትሮ ሰፊ ዓይን ያለው፣ 100 ማይክሮን ገደማ ይሁን፤ ፓምፕ ይገፋል እንጂ መሳብ አይወድምና። ከፓምፑ በኋላ ያለው ጠባብ ዓይን፣ 10 ማይክሮን ያህል ይሁን፤ የጄት ቀዳዳ በአንዲት ቅንጣት ይደፈናልና። ቱቦውን በተመለከተ ለካርቡራተር የተሠራ ጎማ ለኢንጀክሽን ግፊት አይሆንም፤ ለዚህ የሚሆነው በኤስኤኢ መለያው 30አር9 የተባለው ነው። በታንኩ ውስጥ በነዳጅ ለሚጠመቀው ደግሞ 30አር10 ያስፈልጋል፤ 30አር9 ከውጭ በኩል ለመጠመቅ አልተሠራምና ቀስ በቀስ ይፈረካከሳል። በመጨረሻም መኪናው ሲወነጨፍ ነዳጁ ወደ ታንኩ የኋላ ግድግዳ ይሸሻል። ታንኩ ግማሽ ሲሆን መምጠጫው አየር ቢስብ፣ የተገዛው ፓምፕ ምንም ያህል ቢያምር ለዚያች ሰከንድ የለም ማለት ነው።

ስለ ነዳጁ ዓይነትም አንድ ቃል ልጨምር። አገራችን በ2008 ኢታኖልን ከቤንዚን ጋር በ5 በመቶ መቀላቀል ጀምራ በኋላ ወደ 10 በመቶ እንዳሳደገች ታስታውሳላችሁ። ኢታኖል ለመንደድ የሚፈልገው አየር አነስተኛ ነው፤ ለቤንዚን 14.7 የሆነው ምጥጥን ለኢታኖል 9 ነው። 10 በመቶ ሲቀላቀል የሚያስፈልገው ነዳጅ በክብደት 4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ጄቱ በንጹሕ ቤንዚን ተለክቶ ከሆነ ይህች 4 በመቶ የምትቀነሰው ከመጠባበቂያችን ላይ ነው። የሶሌኖይዱና የመቆጣጠሪያው ጎማዎችም ኢታኖልን የሚችሉ መሆናቸው ይረጋገጥ።

አሁን ወደ ከፍታው ልመለስ። ይህ ለእኛ ብቻ የተጻፈ የሚመስል የስሌት ጥያቄ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ያው ሞተር እዚህ ቢሠራ 225 የነበረው ጉልበት ወደ 170 ይወርዳል፤ የነዳጅ ፍላጎቱም ከ51 ወደ 38 ኪሎ ግራም። ናይትረሱ ግን ከፍታ አያውቅም፤ ከ50 ባር በላይ ሆኖ ሲወጣ የውጭው አየር ሩብ ባር ቢጎድል ለውጥ አያመጣም። ያው 100 የፈረስ ጉልበት ይጨመራል፣ ያው 27 ኪሎ ግራም ነዳጅ ይፈለጋል። ድምሩ 65 ኪሎ ግራም፣ በሊትር 88። የፋብሪካው ፓምፕ በወረቀት ላይ ልክ በቃ!

አደጋው የተደበቀው እዚህ ነው። አንድ ሰው ሥርዓቱን አዲስ አበባ ላይ ገጥሞ፣ ሞክሮ፣ ምንም ጉድለት ሳያይ ወደ ድሬዳዋ ቢወርድ፣ በ1,200 ሜትር ከፍታ አየሩ ታፍጎ ይጠብቀዋል። የቆላው ሙቀት እፍጋቱን ጥቂት ቢቀንሰው እንኳ ፍላጎቱ ወደ 95 ሊትር ያድጋል፤ ባሕር ወለል ላይ ደግሞ ያው 106 ይሆናል። ፓምፑ ግን 88 ላይ ቆሟል። ግፊቱ ይወርዳል፤ ሲወርድም ኢንጀክተሩና ጄቱ በአንድነት ይጎድላሉ። በዚያ ላይ የቦምቦላው ጉዳይ አለ። ናይትረስ ከ36.4 ዲግሪ ሴልሲየስ በላይ ፈሳሽ ሆኖ አይቆይም፤ ግፊቱም ከ72 ባር ያልፋል። በቆላ ፀሐይ በተዘጋ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ቦምቦላ ይህን ሙቀት በቀላሉ ያልፈዋል፤ ያን ጊዜ የሚፈስሰው ናይትረስ ጄቱ በተለካበት ሁኔታ ከሚፈስሰው ይለያል። በደጋ የተሳካ ሙከራ ለቆላ ምስክር አይሆንም። ስለዚህ ፓምፑ የሚመረጠው መኪናው ለሚደርስበት ዝቅተኛ ሥፍራ ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ክፍሎቹ ደኅና ሆነው ሲሠሩ ነው። መሐንዲስ ግን ክፍሉ የሚበላሽበትንም ቀን አስቀድሞ ማሰብ አለበት። ፊልትሮ ይደፈናል፤ ፊውዝ ይቃጠላል፤ ፓምፕ ያረጃል። ጥያቄው የነዳጁ ሥርዓት ሲደክም ናይትረሱ ምን ያደርጋል የሚል ነው። ምንም ካልተደረገበት መፍሰሱን ይቀጥላል፤ ቦምቦላው ከፓምፑ ጋር አይተዋወቅምና። ስለዚህ በነዳጅ መስመሩ ላይ የግፊት ማብሪያ ማጥፊያ ይገጠማል፤ ግፊቱ ከተወሰነው ልክ ሲወርድ የናይትረሱን ሶሌኖይድ ኤሌክትሪክ ይቆርጣል። ሌሎች ሁለት ቅድመ ሁኔታዎችም በተከታታይ ይታሰራሉ፤ የነዳጅ መስጫው ፔዳል እስከ መጨረሻው መረገጡና የሞተሩ ዙር በተፈቀደው ወሰን ውስጥ መሆኑ። ሦስቱም ሲስማሙ ብቻ ናይትረሱ ይከፈት፤ አንዱ ሲጎድል ይዘጋ። ከጠቅላላው ወጪ ሲታይ ይህ መሣሪያ ርካሽ ነው፤ ሆኖም በብዙ የግዢ ዝርዝር ላይ መጨረሻ የሚጻፈውና መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው።

ምርጫው ትክክል መሆኑ የሚታወቀው በመለካት ነው። ጸጥ ባለ መስመር ላይ የሚነበብ ግፊት ያታልላል፤ ነዳጅ በማይፈስስበት ቱቦ ውስጥ ደካማ ፓምፕም 2.7 ባር ያሳያል። ግፊቱ መነበብ ያለበት ነዳጁ እየፈሰሰ ሳለ ነው። ለእርጥብ ሥርዓት ቀላል ፈተና አለ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቦምቦላው ተዘግቶ፣ የነዳጁ አፍ ከማኒፎልዱ ተነቅሎ ወደ መለኪያ ዕቃ እንዲፈስስ ይደረጋል። 27 ኪሎ ግራም በሰዓት ማለት በ30 ሰከንድ 306 ሚሊ ሊትር ነው። ከዚህ ካነሰ ወይ ጄቱ ጠብቧል፣ ወይ ግፊቱ ወርዷል። ፈተናው በግልጥ አየር፣ ከእሳትና ከብልጭታ ርቆ፣ የእሳት ማጥፊያ አጠገብ ተቀምጦ ይደረግ፤ የቤንዚን ትነት ቀልድ አያውቅም። ይህ ፈተና ግን ብቻውን አይበቃም፤ ኢንጀክተሮቹ ተዘግተው ፓምፑ ለአንድ በር ብቻ እየሠራ ነውና። የመጨረሻው ማረጋገጫ ሞተሩ በዳይናሞሜትር ላይ በሙሉ ኃይል ሲሠራ የነዳጁን ግፊትና የድብልቁን ምጥጥን በአንድነት መመዝገብ ነው። ግፊቱ ከ2.7 ወደ 2.4 ባር ብቻ ቢወርድ ፍሰቱ 6 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። መርፌው ጥቂት ሲወርድ እያያችሁ “ምንም አይደል” እንዳትሉ ይህን ቁጥር አስታውሱ።

ገንዘብ ሁልጊዜ ያንሳል፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ልናገር። መጀመሪያ ፓምፑና ሽቦው፤ ቀጥሎ ፊልትሮውና ቱቦው፤ ከዚያ መቆጣጠሪያው፤ ከዚያ የግፊት ማብሪያ ማጥፊያው፤ ከነዚህ ሁሉ በኋላ ናይትረሱ። ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ የሚቀነሰው የፈረስ ጉልበቱ ነው። ባለ 100ው ጄት ይነሣና ባለ 50ው ይገባል፤ ከደኅንነቱ ሰንሰለት ግን አንድም ቀለበት አይወጣም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ከውድድሩ በፊት ባለች ሌሊት የተገጠመ የነዳጅ ሥርዓት የሚፈታው በውድድሩ መካከል ነው። ቦታውም የተዘጋ የውድድር ሜዳ ነው፤ የሕዝብ መንገድ የፈተና ላቦራቶሪ አይደለም።

ውድ ተማሪዎች፣ ከእናንተ ውስጥ ናይትረስ የተገጠመለት መኪና በእጁ የሚገባ ጥቂት ይሆናል። የመስኖ ፓምፕ፣ የሆስፒታል ጄኔሬተር፣ የቦይለር ማቃጠያ የሚመርጥ ግን ብዙ ነው። በዚያም ሥፍራ አንድ ሰው መጥቶ ካርቶን ላይ የተጻፈ ቁጥር ያሳያችኋል። በስንት ግፊት? በስንት ቮልት? በየትኛው ከፍታና ሙቀት? ሲበላሽስ ማን ያስቆመዋል? ብላችሁ ጠይቁት። ለነዚህ አራት ጥያቄዎች መልስ የሌለው ዕቃ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ፣ ገና አልተመረጠም።